የእንስሳት ባህሪ ለማጥናት የትኛውን ዲፓርትመንት ልምረጥ? ከጎጃም ለሚነሳ ተማሪ

የፍሬሽማን ዓመት አልቆ የዲፓርትመንት መምረጫ ቅጽ ሲመጣ «የእንስሳት ባህሪ» የሚል መስመር አይገኝበትም። ባዮሎጂ አለ። ቬተሪናሪ አለ። እንስሳት ሳይንስ አለ። ዓሣና ዱር እንስሳት የሚል ሊኖር ይችላል። በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ደግሞ ሳይኮሎጂ አለ። እንስሳ ለምን እንደሚሸሽ፣ ለምን እንደሚከተል፣ ለምን እንደሚጣላ ማወቅ የሚወድ ልጅ እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ብዙ ጊዜም ጓደኛው የሞላውን ይሞላና ይወጣል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ ነው። ለዚያች ልጅም። ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላ፣ ከባሕር ዳር ለምትነሱ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የዲፓርትመንቱን ስም አትዩ። ከእንስሳው ጋር ምን እየሠራችሁ መዋል እንደምትፈልጉ ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ማየት? ማከም? ማርባት? ወይስ መጠበቅ? ሁለተኛም አቋም አለኝ። ባህሪ ሲባል ብዙ ሰው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ብቻ ይታየዋል። እኔ ግን ለጎጃም ልጅ ትልቁ ሀብት ያለው በረትና ቀፎ ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ትምህርቱን እንወቀው

በ1973 እ.ኤ.አ. የሕክምናው የኖቤል ሽልማት ለሦስት የእንስሳት ባህሪ ተመራማሪዎች ተሰጠ። ካርል ፎን ፍሪሽ የንብን ዳንስ የፈታ ሰው ነው። ኮንራድ ሎሬንዝ የዝይ ጫጩቶች ከእንቁላል እንደወጡ መጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እናቴ ብለው እንደሚከተሉ አሳየ። ኒኮ ቲንበርገን ደግሞ ለዘርፉ አራት ጥያቄዎችን ትቶ አለፈ። ዛሬም በየትኛውም አገር ያለ የዘርፉ ተማሪ በእነዚህ ይጀምራል።

አራቱን ጥያቄዎች ከፈረንጅ ወፍ ይልቅ በእኛው ላም ላይ እንያቸው። ጥጃዋ የሞተባት የአበሻ ላም ወተት ትከለክላለች። ስለዚህ ገበሬው የጥጃውን ቆዳ ገፎ ጭድ ይሞላዋል፤ ሲያልብ አጠገቧ ያቆመዋል። ላሟ ትልሰዋለች፤ ወተቱም ይወርዳል። አያቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው።

አሁን ጠይቁ። አንደኛ፣ ይህ ነገር በሰውነቷ ውስጥ እንዴት ይሠራል? የጥጃው ሽታና መልክ ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞን ያስለቅቃል፤ ሆርሞኑ ወተቱን ወደ ጡቱ ጫፍ ይገፋል። ላሟ ከደነገጠች ግን አድሬናሊን ይመጣና ነገሩን ያግደዋል። ሁለተኛ፣ በሕይወቷ መቼ ተማረችው? በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥጃዋን ስትልስ ሽታውን ትይዛለች። ሦስተኛ፣ ምን ይጠቅማታል? ወተቷ ለራሷ ልጅ እንጂ ለሌላ እንዳይባክን ያደርጋል። አራተኛ፣ በዝርያው ታሪክ እንዴት መጣ? የሆልስታይን ላም ጥጃ ባታይም ትታለባለች፤ ሰው ለብዙ ትውልድ እንዲህ ያሉትን እየመረጠ ስላራባ ነው። የእኛዋ ግን ያንን ምርጫ አላለፈችበትም።

አንዲት ላም፣ አራት ጥያቄ። አሁን ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ቬተሪናሪን ይጠራል። ሁለተኛው ሳይኮሎጂን። ሦስተኛው ባዮሎጂን። አራተኛው በከፊል እርባታን፣ ማለትም እንስሳት ሳይንስን። የቅጹ ላይ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። ትምህርቱ አንድ ቦታ አልተቀመጠም።

ሦስቱም ተሸላሚዎች በአንድ መንገድ አልመጡም። ሎሬንዝ መጀመሪያ የሰው ሐኪም ነበር፤ ሥነ እንስሳትን በኋላ ነው የተማረው። ከብቶች ሳይደነግጡ እንዲሄዱ የሚያደርጉ የበረት መተላለፊያዎችን የነደፈችው አሜሪካዊቷ ቴምፕል ግራንዲን የመጀመሪያ ዲግሪዋ በሳይኮሎጂ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪዋን ግን በእንስሳት ሳይንስ ሠራች። ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ እስር ቤት አይደለም። ግን ቀጥሎ የሚመጣውን መንገድ ያቀናል ወይም ያጣምማል።

ባዮሎጂ፦ ለአእምሮ ምርጥ፣ ለኪስ ደካማ

ጥያቄ የሚወድ ሰው እዚህ ይደሰታል። ዝግመተ ለውጥ፣ ጄኔቲክስ፣ ሥነ ምህዳር፣ ፊዚዮሎጂ፣ ሁሉም የባህሪ ትምህርት መሠረት ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ፔዳ ግቢ ነው። ደብረ ማርቆስም አለ። ውጭ አገር ለማስተርስ ስታመለክቱ ትራንስክሪፕታችሁን የሚያነብ ፕሮፌሰር ብዙ ማብራሪያ አይጠይቃችሁም።

ችግሩ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚገኘው ዋናው ሥራ ማስተማር ነው፤ ለዚያም የመምህርነት ሥልጠና ይጨመርበታል። ማስተማር የሚወድ ሰው ካለ መልካም። ሰኞ ጠዋት ሰባ ተማሪ ፊት መቆም የማይወድ ግን ባዮሎጂ ሲገባ ማስተርስን እንደ ግዴታ ይቁጠረው። «ካልሆነ እመለሳለሁ» አይሠራም።

አንድ ጥቅም ግን አይረሳ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትመርጡ ባዮሎጂ ብዙ አያጠብባችሁም። የዘጌን ጦጣዎች መከታተል ትችላላችሁ። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ያሉትን ጉማሬዎች ማየት ትችላላችሁ። ክረምት ሲመጣ ከአውሮፓ ተነስተው ጣና ዳር የሚከርሙትን ክሬን የተባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች መቁጠር ትችላላችሁ። ክረምት ስል የፈረንጆቹን ነው፤ ለእኛ በጋ ነው።

ቬተሪናሪ፦ ረጅሙና አስተማማኙ

ስድስት ዓመት ነው። በአገራችን አንጋፋው ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ጎንደርም ስመ ጥር ነው። ባሕር ዳር ዘንዘልማ ግቢም ይሰጣል። ስትመረቁ ዶክተር ትባላላችሁ፤ ለአንዳንድ ቤተሰብ ይህ ብቻ ሌላውን ክርክር ይዘጋዋል። አልቀልድም፤ አባታችሁን ማሳመን ካለባችሁ ቬተሪናሪ ከሁሉም ይቀላል።

ቬተሪናሪ የባህሪ ትምህርት ነው ወይ? በቀጥታ አይደለም። አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው በአናቶሚ፣ በመድኃኒት፣ በጥገኛ ተባይና በተላላፊ በሽታ ነው። ግን ጥሩ የእንስሳት ሐኪም መጀመሪያ የሚያነበው ባህሪን ነው። በሽተኛው አይናገርም። ማመንዠክ ያቆመች ላም፣ ከመንጋው የተነጠለ በግ፣ ጆሮውን የጣለ አህያ፣ እነዚህ ከቴርሞሜትር በፊት የሚታዩ ናቸው።

አህያን ለብቻው ላንሳው። አህያ ሕመሙን ይደብቃል። ፈረስ የሚንፈራገጥበትን ሕመም አህያ ቆሞ ያሳልፈዋል። ለዚህ ነው ብዙ አህያ ከረፈደ በኋላ ሕክምና ቤት የሚደርሰው። ኢትዮጵያ ደግሞ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ነች ይባላል። የጎጃምን ገበያ ያየ ሰው አይጠራጠርም። ዶንኪ ሳንክቸሪና ስፓና የተባሉት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በአገራችን የሚሠሩት በእነዚሁ የጋማ ከብቶች ላይ ነው። የአህያን ዝምታ ማንበብ የሚችል ሐኪም እጥረት ነው ያለው፤ እዚህ ላይ ስመ ጥር መሆን ይቻላል።

የሥራ ዕድሉስ? ከአምስቱ ሰፊው ነው ብዬ አምናለሁ። ወረዳ ላይ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አለ። ቄራ አለ፤ የሥጋ ምርመራ። ላቦራቶሪ አለ። የክትባት ዘመቻ አለ፤ አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ሥራ አያስፈቱም። ፈቃድ አውጥቶ የእንስሳት መድኃኒት ቤት መክፈትም አለ። ብዙው የግል ገቢ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ግን ሥራውን በሕልም አትዩት። ሌሊት ይጠሯችኋል። ጥጃው ተጣሞ የመጣባትን ላም በባትሪ ብርሃን ታዋልዳላችሁ። ክንዳችሁ እስከ ትከሻ ይገባል። አንዳንድ እንስሳ በእጃችሁ ይሞታል፤ ገበሬውም ዓይናችሁን ያያል። «እንስሳ ስለምወድ» ብሎ የገባ ሁሉ ይህን አይችለውም። እንስሳ መውደድና እንስሳ ማከም የተለያዩ ናቸው።

እንስሳት ሳይንስ፦ የተናቀው፣ እኔ ግን የምከራከርለት

«ከብት ለማርባት ዩኒቨርሲቲ?» የሚል ሰው አይጠፋም። በጎጃም ደግሞ ይብሳል። ቤቱ ጥማድ በሬና ላሞች ያሉት ልጅ ከዚያ ሊሸሽ እንጂ ተመልሶ ሊማርበት አይፈልግም። ይገባኛል።

ግን ነገሩን በሌላ በኩል እንየው። ላሙን ዳልቻ፣ በሬውን ቦራ ብሎ ስም አውጥቶ የሚጠራ፣ የትኛው በሬ ከየትኛው ጋር እንደማይጠመድ የሚያውቅ፣ የትኛዋ ላም ማለቢያ ላይ እንደምትራገጥ በልጅነቱ የተማረ እረኛ የባህሪ ተመራማሪ ሊያውቅ የሚገባውን ግማሹን ይዞ ነው የሚመጣው። የከተማ ልጅ ይህን ለመያዝ ዓመታት ይፈጅበታል። የጎደለው መዝግቦ መያዝና መለካት ነው። ያንን ነው ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው።

ትምህርቱ መኖ፣ እርባታ፣ የወተት ሀብት፣ ዶሮ፣ ንብ፣ በግና ፍየል ነው። በየአንዳንዱ ውስጥ ባህሪ አለ። ዶሮን እንውሰድ። የአበሻ ዶሮ ጥቂት እንቁላል ጥላ ትታቀፋለች። እናቶቻችን መታቀፏን ለማስተው ጎረቤት ይወስዷታል፤ አንዳንዱም ውሃ ውስጥ ይነክራታል። የፈረንጅ ዶሮ ግን አትታቀፍም፤ ያንን ባህሪ በምርጫ አስጥለዋታል። በሌላ በኩል ብዙ ዶሮ ጠባብ ቤት ሲታጎር እርስ በርስ ላባ መነቃቀል ይጀምራል። መብራቱ ሲበዛ ይብሳል፤ መኖው ሲጓደልም ይብሳል። የዶሮ ድርጅት ባለቤት ይህን የሚያስቆምለት ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ የባህሪ ሥራ ነው፤ በየወሩ ደመወዝ የሚከፈልበት የባህሪ ሥራ።

ንብ ደግሞ የጎጃም ጉዳይ ነው። ፎን ፍሪሽ ያየውን አስቡ። አበባ ያገኘች ንብ ቀፎ ገብታ በማሩ እንጀራ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ትደንሳለች። የምትደንስበት አቅጣጫ ከፀሐይ አንጻር የአበባው መንገድ ነው። የዳንሱ ርዝመት ርቀቱ ነው። ያለ ቃል ካርታ ትሰጣለች ማለት ነው። ጭሱም ትርጉም አለው። ገበሬው ኩበት የሚያጨሰው በልማድ ነው፤ ተመራማሪው ጭሱ የማስጠንቀቂያ ሽታቸውን እንደሚሸፍንባቸውና ማር ወደ መጠጣት እንደሚመልሳቸው ያውቃል።

አሁን ወደ ሥራው። አርሶ አደሩ አረምና ተባይ ማጥፊያ ረፋድ ላይ ሲረጭ ንቦች አበባ ላይ ናቸው። በረት ሙሉ ቀፎ ባዶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። መፍትሔው ከባህሪያቸው ይጀምራል፦ ንብ ሲመሽ ቀፎዋ ትገባለች። ያኔ ቢረጭ ጉዳቱ ይቀንሳል። ይህንን ለገበሬ አስረድቶ፣ ከንብ አናቢዎች ማኅበር ጋር አስማምቶ የሚሠራ ሰው ለወረዳም ለፕሮጀክትም ይፈለጋል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ነች፤ ሥራው አያልቅም።

የምርምር ፍላጎት ካላችሁ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ አባይ መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል አለ። የፎገራ ዝርያን ሲያሻሽልና ሲጠብቅ የቆየ ነው። ንብ ብቻ ለሚል ደግሞ ሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከል አለ። በእንስሳት ሳይንስ ተመርቆ ወደ እነዚህ መግባት ከባዮሎጂ ተመርቆ ከመግባት ይቀላል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ወረዳ ላይ ከተቀጠራችሁ ግማሽ ጊዜያችሁ ሪፖርትና ስብሰባ ነው። ባህሪ የሚለውን ቃል ማንም አያነሳላችሁም። ራሳችሁ ካላነሳችሁት ይሞታል።

ዓሣና ዱር እንስሳት፦ ሕልሙ ትልቅ፣ ወንበሩ ጥቂት

ባሕር ዳር ዘንዘልማ ላይ የዓሣና ዱር እንስሳት ትምህርት አለ። ሐይቁ ደጃፍ ላይ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁለቱ ክንፎች የዓሣው ይበልጣል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ የነጭ አሳ ዝርያዎች ስብስብ አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት፣ ወንዞች ሲሞሉ፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ከጎጃም በኩል ግልገል አባይ አንዱ መንገዳቸው ነው። አሳ አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን ወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። እናቶቹ ሳይጥሉ ይያዛሉ። ቀረሶ ደግሞ ሌላ ነው፤ እናትየዋ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። አንዱን ለመጠበቅ የወንዙን አፍ በወቅቱ መዝጋት ያስፈልጋል፤ ሌላውን ለመጠበቅ ግን የባሕሩ ዳር ሣርና ደንገል ይበልጥ ይጠቅማል። ሁለት ዓሣ፣ ሁለት ባህሪ፣ ሁለት ሕግ። ባህሪ ማወቅ ወደ መመሪያ የሚለወጠው እንዲህ ነው። የዓሣ ምርምር ማዕከልም እዚያው ባሕር ዳር አለ።

የዱር እንስሳቱ ክንፍ ይበልጥ ያጓጓል፤ ፉክክሩም የከፋ ነው። ስሜን ተራሮች ላይና መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳዎችን ለዓመታት የሚከታተሉ ዓለም አቀፍ ፕሮጀክቶች ነበሩ፤ የአገር ልጆችም በረዳትነት ሠርተውባቸዋል። ከጓሳ የወጣ አንድ ጥናት ሁሌ ይገርመኛል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ ግልገላቸውን አይነካባቸውማ።

ግን የእኛ ጮቄስ? ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበረ። ዛሬ የለም። በመላው አገሪቱ የቀሩት አምስት መቶ ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። የጎጃም ልጅ ቀይ ቀበሮ ላጥና ካለ ከቤቱ ርቆ ነው የሚሄደው።

ሥራው ያለው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የክልል ፓርኮች፣ ጥቂት መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችና አስጎብኚነት ላይ ነው። በዓመት የሚወጣው ማስታወቂያ ትንሽ ነው። የሰላሙ ሁኔታ ሲደፈርስ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆመው የመስክ ሥራና ቱሪዝም ነው፤ ይህን የአማራ ክልል ተማሪ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ ይህን ስትመርጡ ሁለተኛ ዕቅድ በኪሳችሁ ይኑር። የዓሣው ክንፍ ይሻላል ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ዓሣ ገበያ አለው።

ከዱር እንስሳ ሳይርቁ፣ ከከተማም ሳይወጡ የሚጠና አንድ እንስሳ ግን አለ። ጅብ። ትግራይ ውስጥ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት የተሠራ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘውን ፀጉር እየለዩ ምን እንደበላ አወቁ። በሁዳዴ ጾም ሰው ሥጋ ሲያቆም፣ የሚጣለውም አጥንትና ሆድ ዕቃ ሲጠፋ፣ ጅቦቹ አህያ ማደን አበዙ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ቀነሱ። ይህን ጥናት ለመሥራት ከመሣሪያው በላይ ሐሳቡ ነው የሚያስፈልገው። ሐሳቡም ከቤታችን ነው የወጣው። ደብረ ማርቆስ ላይ ማንም ሊሠራው ይችል ነበር።

ሳይኮሎጂ

አጭር ነው የምናገረው። የመማር ሕግጋት፣ ሽልማትና ቅጣት፣ ፍርሃት፣ ትውስታ፣ እነዚህ መጀመሪያ በእንስሳት ላይ ነው የተጠኑት። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ከሆናችሁ ሌላው በር ተዘግቶባችኋል፤ ይህ ክፍት ነው። ነገር ግን በአገራችን የሳይኮሎጂ ትምህርት ሙሉ በሙሉ ወደ ሰው ያዘነበለ ነው። የውሻ አሠልጣኝ ወይም የቤት እንስሳት ባህሪ አማካሪ የሚባለው ሥራ በብዛት አሜሪካና አውሮፓ ነው ያለው። እዚያም አንዳንዱ የአማካሪነት ዕውቅና ማስተርስ ይጠይቃል። በዚህ ተስፋ ብቻ ሳይኮሎጂ አትግቡ።

ታዲያ ማን የቱን ይምረጥ?

ቤተሰብ ቶሎ መርዳት ያለበት፣ ሥራ አጥ ሆኖ መቀመጥ የማይችል ቬተሪናሪ ወይም እንስሳት ሳይንስ ይያዝ። ስድስት ዓመት መቆየት የሚከብደው ሁለተኛውን። ደም የሚያስደነግጠውም ሁለተኛውን።

ውጤቱ ከፍ ያለ፣ እንግሊዝኛው ጥሩ የሆነ፣ ማስተርስና ዶክትሬት ሳይሠራ አልመለስም የሚል ባዮሎጂ ይግባ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን ቀጥተኛ ነው። እንግሊዝ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ባህሪ ማስተርስ ይሰጣል። ጀርመን ኮንስታንዝ አካባቢ የማክስ ፕላንክ የእንስሳት ባህሪ ተቋም አለ። የጀርመኑ ዳድ፣ የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንደስና የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ኢትዮጵያውያን የሚያመለክቱባቸው ስኮላርሺፖች ናቸው። ቺቭኒንግ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ እንደተመረቃችሁ አይሆንም። እንግሊዝ አገር ያለው የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ደግሞ ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች አይመለከታችሁም፤ ጊዜ አታጥፉበት።

ሐይቅና ውሃ የሚስበው ዓሣን ይምረጥ። ዱር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚልም አለ፤ እሱን ማንም አይመልሰውም፤ ይሂድ። ግን ፎቶ ማንሳት፣ ካርታ መሥራትና አስጎብኚነት ጎን ለጎን ይማር።

አንድ ነገር ሁሉንም ይመለከታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ፈተናው የሚጠይቃችሁ የገባችሁበትን ዲፓርትመንት ዋና ዋና ኮርሶች ነው፤ ስለ ጭላዳ ያላችሁን ፍቅር አይደለም። ስለዚህ አብዛኛውን ኮርሱን የምትጠሉት ዲፓርትመንት ውስጥ ለአንድ የባህሪ ኮርስ ብላችሁ አትግቡ።

ከየትኛውም ክፍል ሆናችሁ ባህሪን ይዛችሁ ለመውጣት

ሁለት ነገር ከአሁኑ ያዙ። አንደኛው ስታትስቲክስ ነው። የባህሪ ጥናት ማለት በመጨረሻ ቁጥር ነው። አር የተባለው ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል። ቪዲዮ እያዩ ባህሪን ለመመዝገብ ደግሞ ቦሪስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ጣሊያን ቱሪን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ነው። ስልካችሁ ካሜራ አለው። ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ዕቃ የለም።

ሁለተኛው የማየት ዲሲፕሊን ነው። ጂን አልትማን የተባለች ዝንጀሮ ተመራማሪ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ የማየት ዘዴዎችን በሥርዓት አስቀምጣለች። ዋናዎቹ ሁለቱ ቀላል ናቸው። አንዱን እንስሳ መርጦ ለተወሰነ ደቂቃ ከእሱ ዓይን አለመንቀል፤ ወይም በየጥቂት ደቂቃው መንጋውን በሙሉ በዓይን አስሶ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ መጻፍ። ዓይን የገባውን ብቻ መጻፍ ግን አይሠራም፤ የሚጣላው ሁልጊዜ ይታያል፣ የተኛው ይረሳል። ክረምት ቤት ስትመለሱ በአምስት ላሞች ላይ ሞክሩት። ማን ማንን ከገንዳ እንደሚያባርር ጻፉ። ወንድማችሁ ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ።

ከዚያ የመመረቂያ ርዕስ ጊዜ ይመጣል፤ አማካሪያችሁም «ባህሪ እዚህ አይሠራም» ሊላችሁ ይችላል። አትከራከሩ። ርዕሱን በእሱ ሙያ ቋንቋ አቅርቡለት። ቬተሪናሪ ከሆናችሁ በጭነት አህዮች ላይ የሕመም ምልክቶችን መለየት በሉት። እንስሳት ሳይንስ ከሆነ ጥጃን ከላም ቶሎ መለየት በወተት መጠን ላይ ያለው ውጤት፣ ወይም የሚረጭበት ሰዓት በቀፎ ላይ ያለው ጉዳት በሉት። ዓሣ ከሆነ ነጭ አሳ ወደ ግልገል አባይ የሚወጣበት ሰዓትና የውሃው ሁኔታ። ባዮሎጂ ከሆነ የዘጌ ጦጣዎች ቡና በሚለቀምበት ወቅትና ከዚያ በኋላ የሚውሉበት ቦታ። ማስተርስ ስታመለክቱ የፕሮፌሰሩ ዓይን የሚያርፈው በዚያ ርዕስና በሰበሰባችሁት መረጃ ላይ ነው። መረጃውን የያዘውን ፋይል በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ፍላሽ ይጠፋል።